የእናቴን ቡሃቃ በበረኪና አጥቤ እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለ

የግንፍሌ_ሙሽራ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ሳትስቁ አንብቡልኝ።

ካገባሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። ቀበና ከእናቴ ቤት ወጥቼ አሁን ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ተከራይተናል። እናቴ ስትሸኘኝ ለዓመታት ያቦካችበትን ቡሃቃ ሰጠችኝ። ውስጡ ዙሪያውን የደረቀ ሊጥ ይዟል። እኔ ደግሞ ንጹሕ ነኝ ባይ፣ በበረኪና ፈተግኩት። በፈላ ውሃ ደገምኩት። በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። አዲስ መሰለ።

ከዚያ ጤፍ አስፈጭቼ አቦካሁ። እርሾ ስላልነበረኝ ከሱቅ የዳቦ እርሾ ገዝቼ ጨመርኩ። በማግስቱ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ደረሰ። ደስ አለኝ። ስጋግረው ግን ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ዓይኑ አንድ ቦታ ትልልቅ ነው፣ ሌላ ቦታ ድፍን ብሏል። ሲያድር ይሰባበራል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱም ያው። ባለቤቴ "ጥሩ ነው" ይለኛል፤ ግን ሰሞኑን ከሥራ ሲመጣ በልቶ ነው የሚመጣው።

እናቴን ልጠይቅ ብል ቡሃቃውን ምን እንዳደረግኩት ልትሰማ ነው። ምን ላድርግ?

ሳቂታው (2፡21)

መጀመሪያ መጣራት ያለበት ባልሽ የት እንደሚበላ ነው።

እትዬ_በላይነሽ (2፡40)

ውይ ልጄ! ቡሃቃ በበረኪና? ቡሃቃ አይታጠብም አላልኩም፣ ይታጠባል። ግን መጀመሪያ እርሾው ይቀመጣል። ሊጡ ሲቦካ ከላይ የሚያቀርረው ቢጫ ውሃ አለ አይደል? እሱን በጣሳ አስቀምጠሽ ነው ለሚቀጥለው የምታቦኪበት። ያ የሱቁ ነገር ለዳቦ ነው። ነገ ጠዋት ጎረቤትሽን አንኳኪና አንድ ስኒ እርሾ ለምኚ። እርሾ ለጎረቤት አይከለከልም።

ሐምሌ_ብርድ (2፡52)

እኔ ብርዱ ነው ባይ ነኝ። በሐምሌ የማን ሊጥ ቦካ? ብርድ ልብስ አልብሺው።

አራት_ኪሎ_ላብ (ማታ 4፡05)

ሰላም። አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ የማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ እርሾ ላይ ስለሆነ ይህን ርዕስ ሳየው እራቴን ትቼ ተቀመጥኩ። ሊረዝም ነው፣ ታገሡኝ።

እህቴ፣ አንቺ ያጠብሽው ቆሻሻ አልነበረም። አንድ ሠፈር ነው ያፈረስሽው። (ሰሞኑን ሠፈር መፍረስ ሌላ ስለሚያስታውስ ይቅርታ።)

እርሾ ስንል አንድ ነገር ይመስለናል። ውስጡ ግን ብዙ ነዋሪ አለ። በአንድ ወገን ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ኮምጣጣነቱ የእነሱ ነው። በሌላ ወገን እርሾ የሚባሉት ፈንገሶች አሉ፤ ዓይን የሚያወጣውን ጋዝ በማውጣት ይበረታሉ። ከሱቅ የገዛሽው የዳቦ እርሾ ግን አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ይባላል። ቶሎ እንዲነፋ ተመርጦ በፋብሪካ የተራባ ነው። ጤፍሽን ነፋው፣ ሥራውን ሠራ። ማኮምጠጥ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ሊጥ ውስጥ ደግሞ ተራ አለ። ብርሃኑ ጋሼ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ይህን ተራ አሳይተዋል። መጀመሪያ የሚንጫጩት ከዱቄቱና ከዕቃው ጋር የገቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሲድ አይችሉም። ሊጡ መኮምጠጥ ሲጀምር ሉኮኖስቶክ የሚባለው ይነሣል። እሱም ያመጣው አሲድ ራሱን ሲያስቸግረው አሲድን ይበልጥ ለሚችለው ለላክቶባሲለስ ቦታውን ይለቃል። እርሾዎቹ ወደ ኋላ ላይ ይበረታሉ። እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ቤት አሰናድቶለት ይወጣል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ሲያንስ ኮምጣጣ ነው) ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። እዚያ ውስጥ አብዛኛው በሽታ አምጪ አይመቸውም። እናቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖራቸው ሊጥ ሲያሳድሩ የኖሩት በዚህ ነው።

እርሾ ስትጨምሪ ይህን ሁሉ ከዜሮ አትጀምሪውም። ያለቀለት ሠፈር ነው የምታስገቢው።

ለማንኛውም አብሲት ጥለሻል? አልጻፍሽም። ከቦካው ሊጥ ቀንሰሽ በውሃ አፍልተሽ ካልመለስሽ ጋዙን የሚይዝ ነገር የለም። ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን አለው፣ ጤፍ የለውም። የተቀቀለው ስታርች ነው እሱን የሚተካው። የሚሰባበርብሽ በዚህም ሊሆን ይችላል።

እኔ አሁን የማደርገው ከአራት ኪሎ፣ ከቀበናና ከፒያሳ ቤቶች በትንንሽ ጠርሙስ እርሾ መለመን ነው። ግማሹን የባክቴሪያ ምግብ ባለበት የላብራቶሪ ሳህን ላይ አበቅለዋለሁ፤ ከግማሹ ዲኤንኤ አወጣለሁ። ሳህን ብቻ አይበቃም። ሳህን ላይ የሚበቅለው ድግስ ሲጠራ የመጣው ነው፣ የቀረው ቤቱ ተቀምጧል። አፈር ላይ ከታየ፣ ከ100 አንዱ እንኳ በተለመደው ሳህን አይበቅልም ይባላል። ስለዚህ ሁሉም ባክቴሪያ ያለውን አንድ ጂን እናነባለን፤ ልክ እንደ መታወቂያ። ይህን መንገድ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የከፈተው ካርል ዎዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው።

ከባዱ ግን የላብራቶሪው ሥራ አይደለም። አንዲት እናት ፒያሳ ላይ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ለማቡካት ከሆነ እሰጥሻለሁ። ለመመርመር ከሆነ ምን ልታገኚብኝ ነው?"

ሳቂታው (4፡11)

እኚህ እናት ጠበቃ መሆን ነበረባቸው።

የድሮ_ተማሪ (4፡30)

ወንድሜ ጥሩ ጽፈሃል። እኛ በነበርንበት ጊዜ እርጎና አይብ ስንማር የፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ጽሑፎች ነበሩ የሚሰጡን። ጠላውን፣ ጠጁን፣ አዋዜውን ሳይቀር አጥንተዋል። የወተቱን ዕቃ በወይራ ማጠን ለሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጭሱ ወተት የሚያበላሹትን ያዘገያል።

አራት_ኪሎ_ላብ (4፡33)

እህትህ ነኝ። ግን አመሰግናለሁ።

ንጽሕና_ይቅደም (ዓርብ፣ ጠዋት 1፡10)

ይቅርታ ግን ይህ ወሬ ሰው ያሳስታል። ጀርም ጀርም ነው። አተት በመጣ ቁጥር ታጠቡ፣ አፍሉ እየተባለ ስንለፋ እዚህ ደግሞ ጀርም ጎረቤትሽ ነው ይባላል። ልጅቷ ዕቃ ማጠቧ ምኑ ነው ጥፋቱ?

አራት_ኪሎ_ላብ (ጠዋት 1፡45)

እጅዎን ይታጠቡ። ውሃውንም ያፍሉ። ኮሌራ ቀልድ አይደለም፤ እኔም ላብራቶሪ ስገባ ስወጣ እታጠባለሁ።

የምለው ሌላ ነው። ከሽንት ቤት የመጣው ባክቴሪያና እርሾ ውስጥ ያለው አንድ አይደሉም። ፒያሳ ላይ ሌባ አለ ተብሎ ፒያሳ ሁሉ አይታሰርም። ቡሃቃ ይታጠብ፣ እትዬ በላይነሽ እንዳሉት እርሾው ተቀምጦ። በረኪና የነካው ዕቃ ደግሞ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለበት። ቀሪው ክሎሪን አዲሱንም እርሾ ያዳክመዋል።

ሜክሲኮ_አደባባይ (ጠዋት 3፡20)

እኔ ስለ እንጀራ አይደለም የመጣሁት፣ ስለ ሆድ ነው። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ አተኮሰኝ፣ ሦስት ጊዜ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ደም ወስደው በግማሽ ሰዓት "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" አሉኝ። ሦስቱንም ጊዜ አንቲባዮቲክ በከረጢት። አሁን ትኩሳቱ የለም፣ ሆዴ ግን የድሮው ሆዴ አልሆነም። ወተት ብጠጣ ይነፋኛል፣ ሽሮ ብበላ ያጮኸኛል። ይህ ከምትሉት ነገር ጋር ይገናኛል?

ፋርማሲስቱ (ጠዋት 3፡58)

ወንድሜ፣ የአንተ ታሪክ በቀን አሥር ጊዜ መስኮቴ ላይ ይመጣል። በግማሽ ሰዓት የሚደርሰው የታይፎይድ ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው። ባክቴሪያውን አይደለም የሚያየው፤ ሰውነትህ የሠራውን መከላከያ ነው። መከላከያው ደግሞ የቆየ ሕመም ወይም ክትባት ያስቀረው ሊሆን ይችላል። ከሌላ ባክቴሪያ ጋርም ይምታታል። ይበልጥ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ደም ወስዶ ባክቴሪያውን በማብቀል ነው። ያ ቀናት ይፈልጋል፣ ገንዘብም ይፈልጋል፣ ማን ይጠብቃል?

ጉንፋን ይዞት መጥቶ "አሞክሳሲሊን አንድ ሁለት ፍሬ ስጠኝ" የሚለኝንስ ምን ልበለው። እምቢ ስለው ቀጥሎ ያለው ፋርማሲ ይሰጠዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ሲቀበል ትንሽ ትንሽ መውሰድ ባክቴሪያውን ያለማምደዋል ብሎ አስጠንቅቋል።

አራት_ኪሎ_ላብ (ጠዋት 4፡40)

ሜክሲኮ፣ ይገናኛል። መጀመሪያ ግን ሐኪም ይይህ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ከእርሾ ጋር የምውል ሰው ነኝ።

ሰውነታችን ላይ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል። የራሳችን ሴል 30 ትሪሊዮን ገደማ ነው። (ድሮ አሥር እጥፍ ይበልጡናል ይባል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲሰላ ነው ይህ የተገኘው።) አብዛኞቹ ትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። ሁሉም ተደምረው 200 ግራም አካባቢ ነው ክብደታቸው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቡት። እኛ የማንፈጨውን የምስርና የሽሮ ቃጫ እነሱ ይፈጩታል፤ ከዚያ የሚያወጡት አሲድ የአንጀታችንን ግድግዳ ሴሎች ይመግባል።

በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ፈጽሞ የማይፈጨው ስኳር አለ፤ በብዛት አለ። ለማን ነው? ሕፃኑ አንጀት ውስጥ ላለው ባክቴሪያ ነው። እናት ስታጠባ ሁለት ነው የምታጠባው። ይህን ክፍል ውስጥ የሰማሁ ቀን ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት።

አንቲባዮቲክ ግን አይመርጥም። ሙሽራችን በረኪናውን ቡሃቃው ላይ እንዳፈሰሰችው ነው። ጠላቱንም ነዋሪውንም ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሠፈሩ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። አንዳንዴ ግን ባዶ ቦታውን ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባል ክፉ ባክቴሪያ ይይዘዋል፤ ከባድ ተቅማጥ ያስከትላል። ሌላ አንቲባዮቲክ ሲሰጡትም አንዳንዱ ሰው ላይ ይመላለሳል።

ለዚህ ሆላንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሙከራ አለ። እየበላችሁ ከሆነ አቁሙ። ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ሰገራ ተበጥብጦ በቱቦ ወደ በሽተኛው አንጀት ተጨመረ። ከ16 ሰዎች 13ቱ በመጀመሪያው ዳኑ። አንቲባዮቲኩን ብቻ ከወሰዱት 13 ግን የዳኑት 4 ናቸው። ልዩነቱ ከመብዛቱ የተነሣ ሙከራው ሳያልቅ ተቋረጠ።

ሳቂታው (4፡44)

ቁርሴን!

እትዬ_በላይነሽ (5፡02)

እሰይ! ታዲያ ይኼ እርሾ መዋስ ማለት አይደለም እንዴ? ቤትሽ ያለቀብሽን ከጎረቤት።

አራት_ኪሎ_ላብ (5፡06)

እትዬ፣ አማካሪዬ በአንድ ሰዓት ያስረዱኝን እርስዎ በአንድ መስመር ጨረሱት። (ቤት ውስጥ ግን ማንም እንዳይሞክረው። ሰጪው በብዙ ምርመራ ያልፋል።)

ቦሌ_ጂም (5፡30)

ስለዚህ የባክቴሪያ ካፕሱል የሚሸጡት እውነት ነው? ውድ ነው ግን።

አራት_ኪሎ_ላብ (5፡41)

ጤነኛ ከሆንክ ገንዘብህን ያዝ። እርጎ ጠጣ፣ ምስር ብላ።

አንድ ነገር ላስተካክል ደግሞ። "እንጀራ ብዙ ጠቃሚ ባክቴሪያ አለው" የሚል በየቦታው ይዞራል። ሊጡ አለው። እንጀራው የለውም፤ ምጣዱ ላይ ያልቃሉ። የሠሩት ሥራ ግን ይቀራል። ጤፍ ውስጥ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ሲቦካ ይቀንሳል፣ ብረቱም ለሰውነት ይቀላል።

ፍልውሃ_ደንበኛ (ዓርብ፣ ቀን 9፡15)

እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ ፍልውሃ ነኝ። እዚያ ትኩስ ውሃ ውስጥ ምንም አይኖርም አይደል? ሞቷል በሉኝና በሰላም ልታጠብ።

አራት_ኪሎ_ላብ (ቀን 9፡50)

ፍልውሃ ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የሚመጣ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሙቀት የሚወዱ ተህዋሲያን ይኖራሉ፤ ሰው ላይ ሳይሆን ምንጩ ላይ ነው ኑሯቸው። በሰላም ታጠብ።

እንዲያውም ውለታ አለብህ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ብሮክ የሚባል ሰው አሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ፍልውሃ ውስጥ ቴርመስ አኳቲከስ የተባለ ባክቴሪያ አገኘ። ሌላው የሚቀቀልበት ሙቀት ውስጥ ይህ ይራባል። ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይሙም ሙቀት አይፈራም። በኋላ ፒሲአር የተባለው፣ ዲኤንኤን እያሞቀ ደጋግሞ የሚያባዛው ምርመራ በዚህ ኢንዛይም ቀላል ሆነ። ኮሮና ጊዜ አፍንጫህ ውስጥ ያ ረጅም እንጨት ሲገባ፣ ውጤቱን ያነበበልህ የፍልውሃ ባክቴሪያ ዘዴ ነው። ብሮክ ደግሞ ኮሮና ፍለጋ አልሄደም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ምን ይኖራል ብሎ ነው የሄደው። ለእርሾ ጥናት ገንዘብ ስጠይቅ "ምን ይጠቅማል?" ሲሉኝ ይህን ነው የማወራው። እስካሁን አልሠራልኝም።

ጋሽ_ቀበና (ዓርብ፣ ማታ 1፡20)

እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ልጆቼ ናቸው እዚህ መድረክ ያስገቡኝ። በልጅነታችን ቀበና ወንዝ ዋኝተናል፤ አሁን ድልድዩ ላይ አፍንጫዬን ይዤ ነው የማልፈው። ልጄ፣ ይህ ወንዝ ሞቷል አይደለም ወይ?

አራት_ኪሎ_ላብ (ማታ 2፡05)

ጋሼ፣ አልሞተም። ከልክ በላይ ነው ሕይወት ያለበት። እሱ ነው ችግሩ።

ፍሳሽ ሲገባበት ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ሲበሉ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው፣ ትሉ፣ ሌላው ሁሉ ይታፈናል። ኦክስጅን ሲያልቅ ተራው ያለ አየር የሚኖሩት ይሆናል። ከእነሱ አንዳንዶቹ በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌትን (ድኝ ያለበትን ጨው) ይተነፍሳሉ፤ የሚያስወጡት ጋዝ ነው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ድልድዩ ላይ አፍንጫዎን የሚያስይዝዎት እሱ ነው። እንደ ሊጡ ተራ ነው፤ ግን ወደ ክፉው የሚሄድ ተራ።

እነዚሁ ፍጥረታት ደግሞ ያጸዱታል። በ1914 (እ.ኤ.አ.) ማንችስተር ላይ ሁለት እንግሊዛውያን ፍሳሽ ውስጥ አየር እየነፉ፣ የዘቀጠውን ጭቃ ሳይደፉ ለሚቀጥለው ፍሳሽ አስቀሩት። ጭቃው በባክቴሪያ የተሞላ ስለሆነ አዲሱ ፍሳሽ ቶሎ ጠራ። እትዬ በላይነሽ ቢያዩት "እርሾ አስቀመጡ" ነበር የሚሉት። እኛም ጋ ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ተህዋሲያን ናቸው። ችግሩ ሁሉም ቤት ከቱቦው ጋር አለመገናኘቱ ነው። ዳርቻው ሲያምር ደስ ይለኛል፤ ውሃውን የሚያሳምረው ግን የየቤቱ ቱቦ የት እንደሚያበቃ ነው።

ፋርማሲስቱም ይስማኝ። የዋጥነው አንቲባዮቲክ ከፊሉ በሽንት ይወጣል። የለመደው ባክቴሪያም አብሮ ይወጣል። ወንዙ ውስጥ ተገናኝተው ጂን ይዋዋሳሉ። ይህ የአነጋገር ዘይቤ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ዲኤንኤ ያሻግራሉ፣ ዘመድ ባይሆኑም። ቀበናና ግንፍሌ መጨረሻቸው አቃቂ ነው። አቃቂ ዳር ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ጎመኑ ይቀቀላል፣ ምንም አይለኝም። ሰላጣውን ግን እኔ ውጭ ምግብ ቤት መብላት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

አወያይ (ማታ 2፡30)

ርዕሱ ከምግብ ክፍል ወጥቷል፤ ግን እኔም እያነበብኩ ስለሆነ አልዘጋውም። ስድብ አይኑር።

የግንፍሌ_ሙሽራ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡00)

ተመልሻለሁ። መቶ መልእክት ይጠብቀኛል ብዬ ስገባ ስለ ሰገራ ታወራላችሁ!

ዓርብ ዕለት ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን እናት አንኳኳሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሰላምታ ብቻ ነበርን። እርሾ ስላቸው አስገቡኝ፣ ቡና አፈሉ፣ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ቡሃቃውን አራት ጊዜ ለቀለቅኩት። ሊጡን ምድጃው አጠገብ አድርጌ ብርድ ልብስ አለበስኩት (ሐምሌ፣ ልክ ነበርክ)። አብሲትም አልጥልም ነበር፤ ተይዣለሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ተጋገረ። ኮምጣጣነቱ መጣ፣ ዓይኑ ግን ፈራ ተባ እያለ ነው። ከእሱ እርሾ አስቀርቼ ደግሜ አቦካሁ፤ ዛሬ ጋገርኩ። ዳር እስከ ዳር ዓይን! ፎቶ ልለጥፍ ነበር፣ ትኩሱን በላነው።

ሳቂታው (3፡02)

"በላነው" ማለት ባልሽም?

የግንፍሌ_ሙሽራ (3፡04)

አራት እንጀራ።

እትዬ_በላይነሽ (3፡10)

ተመስገን። አሁን እርሾውን ለሁለት ከፍለሽ አስቀምጪ። አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይኖርሻል።

አራት_ኪሎ_ላብ (3፡25)

ደስ ሲል! ግንፍሌ ውስጥ ናሙና የለኝም። ነገ ከግቢ ስወጣ ጠርሙስ ይዤ ብቅ ልበል?

የግንፍሌ_ሙሽራ (3፡31)

ለማቡካት ከሆነ ነይ። ለመመርመር ከሆነ… ነይ፣ ነይ። ብቻ እናቴ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ከዚያ በፊት ይሁን። ቡሃቃው አሁንም ያብረቀርቃል።